ኦ ክፍልን ለሁሉም ልጅ ማሰናዳት፦ ከጳጉሜን እስከ ኅዳር የሚሠራ ሥራ

«የማይሰማ ልጅ ይዘው መጡ፤ ምን ላድርገው?» መስከረም በመጣ ቁጥር ከመንዝም፣ ከተጉለትም፣ ከአጣዬም የሚደርሰን ጥያቄ ይህ ነው። ልጁ ይለያያል። አንዱ አይሰማም፣ ሌላዋ እግሯ አይሄድላትም፣ ሦስተኛው ከኦሮምኛ በቀር ቋንቋ አያውቅም፣ አራተኛዋ ከወለጋ ተፈናቅላ ደብረ ብርሃን ከገባች ወር አልሞላትም። መልሱ ግን ለሁሉም አንድ ቦታ ይጀምራል፦ ከፊደሉ በፊት በሩን፣ ብርሃኑን፣ ወንበሩንና ሽንት ቤቱን አስተካክሉ። ልጁ ክፍል ከገባ፣ ካየ፣ ከሰማና ሽንቱን ሳይፈራ ከሸና የቀረው የተለመደው የማስተማር ሥራችሁ ነው።

መመሪያው ከ4 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆችን ለምታስተምሩ የኦ ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ክፍል) እና የኬጂ መምህራን ነው። አንድ መምህርት፣ ቢበዛ አንዲት ሞግዚት፣ ከ40 በላይ ልጆችና ባዶ የበጀት ሣጥን እንዳላችሁ ገምተን ጽፈነዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የአናጢ ሜትር 1 እና ማስመሪያ 1
- ነጭ ወፍራም ካርቶን 2፣ ጥቁር ማርከር 1
- ልጆች የሚያውቋቸው 6 ዕቃዎች ወይም ሥዕሎች (በግ፣ ዶሮ፣ ማንኪያ፣ ጫማ፣ ኳስ፣ ሲኒ)
- ያረጀ ባና (ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ) 2 ወይም 3፤ ከሌለ የታጠበ ጆንያ
- ጠንካራ ገመድ፣ ከክፍሉ በር እስከ ሽንት ቤት የሚደርስ
- 1 ሜትር ቀይ ጨርቅ
- የልብስ መቆንጠጫ 10
- አጠና፣ ጣውላ፣ ምስማርና ቁራጭ ፎም (ከወላጆች መካከል አናጢ ወይም ግንበኛ አይጠፋም፤ በወላጅ መምህር ኅብረት በኩል ጠይቁ)
- ለማስታወሻ የሚሆን ደብተር 1፣ ከሌሎች ሰዎች ዓይን የሚርቅ

ደረጃ 1. ምዝገባ፦ ስለ ጉዳቱ ሳይሆን ስለሚቸግረው ነገር ጠይቁ

«ልጅዎ አካል ጉዳት አለበት?» የተባለች እናት «የለበትም» ትላለች። ልጁን ይመልሱብኛል ብላ ትፈራለች፤ ወይም ቃሉን ስትሰማ የሚመጣላት በዊልቸር የሚሄድ ሰው ብቻ ነው። ጆሮው የሚመግል፣ በአንድ ዓይኑ ብቻ የሚያይ ልጅ በዚህ ጥያቄ አይገኝም። በምትኩ እንዲህ ጠይቁ፦ «ከሰፈር እኩዮቹ ጋር ሲያስተያዩት፦

ሀ. ለማየት ይቸገራል?
ለ. ሲጠሩት ለመስማት ይቸገራል?
ሐ. ለመራመድ ወይም ደረጃ ለመውጣት ይቸገራል?
መ. ትንሽ ነገር፣ ለምሳሌ አንድ ፍሬ ባቄላ፣ በጣቱ ለማንሳት ይቸገራል?
ሠ. የሚነግሩትን ለመረዳት ይቸገራል? እሱ የሚለውን ለመረዳትስ ባዕድ ሰው ይቸገራል?
ረ. ከልጆች ጋር ለመጫወት ይቸገራል?»

ለእያንዳንዱ አራት መልስ አለ፦ አይቸገርም፣ ትንሽ ይቸገራል፣ በጣም ይቸገራል፣ ጭራሽ አይችልም። «በጣም» እና «ጭራሽ» ያሉትን ከታች ባሉት ደረጃዎች ወዲያው ሥሩባቸው። «ትንሽ» ያሉትን እስከ ጥቅምት በዓይናችሁ ተከታተሉ። ከዚያ ሦስት ነገር ጨምሩ፦ ራሱን ስቶ ወድቆ ያውቃል? ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ ያወራል? በየትኛው እጁ ድንጋይ ይወረውራል? የመጨረሻው ግራኞችን ለመለየት ነው። ስለ መብላት ከጠየቃችሁ ቤት ውስጥ በቀኝ እንዲበላ የተገደደውን ግራኝ አታገኙትም፤ ሲወረውር ግን እጁ ራሱን ያጋልጣል።

ጥያቄውን ከወረፋው ፈንጠር ብላችሁ ጠይቁ። ልጁን ይዛ የመጣችው አያቱ ከሆነች «እማማ» ብላችሁ አስቀምጡና ጊዜ ስጧት። ከእናቲቱ ይልቅ ቀኑን ሙሉ አብራው የምትውለው እሷ ልትሆን ትችላለች።

ማስጠንቀቂያ፦ ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦች የልደት ምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ ላይኖራቸው ይችላል። «ካርዱን ይዘሽ ነይ» ብሎ መመለስ ልጁን ለዓመቱ ማስቀረት ነው። እናቲቱ ያለችውን ዕድሜ ጻፉ፣ «ካርድ ይቀራል» ብላችሁ ምልክት አድርጉና መዝግቡ። ስለደረሰባቸው ነገር በልጁ ፊት አትጠይቁ።

ደረጃ 2. ዓይንና ጆሮ፦ በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ሁሉንም ልጅ ፈትሹ

ብዙ «ሰነፍ» የተባሉ ልጆች የማያዩ ወይም የማይሰሙ ናቸው። ልጁ ራሱ አይነግራችሁም፤ ሌላ ዓይነት ማየት እንዳለ አያውቅም።

ዓይን። በነጩ ካርቶን ላይ ባለ ሦስት ጣት መንሽ ሣሉ። ቅርጹ በሁሉም ጎን 17.5 ሚሊ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይሙላ፤ የእያንዳንዱ ጣት ውፍረት 3.5 ሚሊ ሜትር፣ በጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት 3.5 ሚሊ ሜትር፣ ጣቶቹን የሚያያይዘው ግንድም 3.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። እጀታ አይኑረው። ከሌላው ካርቶን ትልቅ የመንሽ ቅርጽ ቆርጣችሁ ለልጁ በእጁ ስጡት።

1. ደጅ በጥላ ሥር ሥሩ። የጣርማበርና የአንኮበር ጉም ካልተገፈፈ ጠብቁ፤ ፀሐይም በልጁ ፊት ላይ አትሁን።
2. በሜትር ለክታችሁ ልጁን 6 ሜትር ላይ አስቀምጡ። 6 እርምጃ 6 ሜትር አይደለም። የአዋቂ ተራ እርምጃ ከ1 ሜትር ያንሳል፤ በእርምጃ የለካ ሰው የማያየውን ልጅ «ያያል» ብሎ ያሳልፋል።
3. መጀመሪያ 1 ሜትር ላይ አለማምዱት፦ «የእኔ መንሽ ወዳለበት የአንተንም አዙር።» መናገር ስለማያስፈልገው ለማይሰማውም፣ አማርኛ ለማያውቀውም ይሠራል።
4. አንድ ዓይኑን በካርቶን ክዳን ሸፍኑ። በጣት አትሸፍኑ፤ በጣቶቹ መካከል ያጮልቃል። ተጭኖ የተሸፈነ ዓይን ደግሞ ክዳኑ ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ ይደበዝዛል።
5. ካርቶኑን ከጀርባችሁ እያዞራችሁ 5 ጊዜ አሳዩት። 4 ካገኘ አልፏል። ከዚያ ሌላውን ዓይን።

ያላለፈውን በሌላ ቀን ድገሙት። ሁለተኛም ካላለፈ ወላጁን ጠርታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩ። ዓይኑ የሚያዥ፣ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ የታጠፈ ልጅ ፈተናውን ቢያልፍም ይላክ፤ ትራኮማ ሊሆን ይችላል። በብሌኑ መካከል ነጭ ነገር የሚታይበት ልጅ በዚያው ሳምንት መታየት አለበት።

ጆሮ። በቅድሚያ ተመልከቱ። መግል ወይም ሽታ ካለ ፈተናውን ተዉትና ወደ ጤና ጣቢያ ላኩ፤ ዘይትም የነጭ ሽንኩርት ጭማቂም እንዳይጨመርበት ለወላጁ ንገሩ። ጆሮው ንጹሕ ከሆነ 6ቱን ዕቃዎች ፊቱ ደርድሩ። ከጀርባው፣ ክንዳችሁ ሲዘረጋ በሚደርስበት ርቀት (60 ሳንቲ ሜትር አካባቢ) ሁኑ። የአንዱን ጆሮ ፊት ለፊት ያለውን ትንሽ ሥጋ በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ እያሹ ዝጉት። ትንፋሻችሁን ሙሉ በሙሉ አስወጡና በሹክሹክታ «ዶሮ» በሉ፤ ልጁ ይጠቁም። ትንፋሹ መውጣት ያለበት ሹክሹክታው ለሁሉም ልጅ እኩል እንዲሆን ነው፤ ሳንባው የሞላ ሰው ሳያውቀው ድምፁን ያጎላል። ከ6 ቃል 3 ያላገኘ ልጅ ይላክ። ከፈተናው በፊት የዕቃዎቹን ስም ማወቁን በጎላ ድምፅ አረጋግጡ፤ አለዚያ የምትፈትኑት ጆሮውን ሳይሆን አማርኛውን ይሆናል።

ደረጃ 3. መወጣጫ

ሕጉ አጭር ነው፦ ለ1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት። የክፍሉ ደፍ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ መወጣጫው 3.60 ሜትር ይረዝማል፤ 45 ከሆነ 5.40 ሜትር። ስፋቱ 1.20 ሜትር ይሁን፣ በሁለቱም ጠርዝ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ድንበር ይኑረው። ድንበሩ ከሌለ ጎማው ይስታል።

በሩ ፊት 1.50 ሜትር በ1.50 ሜትር የሆነ ሜዳ ተዉ። ይህን ግንበኞች ይዘሉታል። ሜዳው ከሌለ ልጁ በሩን ሲከፍት ዊልቸሩ ወደ ኋላ ይንከባለላል። የበሩ ክፍት ቦታ ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ይሁን።

ላዩን ሊሾ አታድርጉ። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ወደ ጎን ጫር ጫር አድርጉት። በሸክላ አፈር ብቻ የተሠራ መወጣጫ በበልግ ዝናብ ሳሙና ይሆናል፤ ሲሚንቶ ካልተገኘ ሸካራ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፉ። ቦታ ካነሰ አሳጥራችሁ ቀጥ አታድርጉት። ቀጥ ያለ መወጣጫ ዊልቸርን ወደ ኋላ ይገለብጣል፤ በክራንች የሚሄደውንም ቁልቁል ይጥለዋል። ወይ በመካከሉ ሜዳ ሠርታችሁ አጥፉት፣ ወይ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋግራችሁ ኦ ክፍሉን ደፉ ዝቅ ወዳለ ክፍል አዛውሩ። ሁለተኛው ምንም ወጪ የለውም፤ እኛ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምንጠይቀውም እሱን ነው።

ደረጃ 4. ሽንት ቤትና ገመድ

ልጅ ከትምህርት ቤት ከሚቀርባቸው ምክንያቶች ሽንት ቤት አንዱ ነው፤ አይናገሩትም እንጂ። ቀዳዳው ለአዋቂ የተሠራ ከሆነ የ5 ዓመት ልጅ ይፈራል፣ እግሩ የማይጸናው ደግሞ ጭራሽ አይጠጋም።

- የቀዳዳው ስፋት ከ15 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ትልቅ ከሆነ ቀዳዳ የተፈለፈለበት ጣውላ ደርቡበት፤ እንዳይንሸራተት በምስማር ይያዝ።
- ቁጢጥ ማለት ለማይችል ልጅ መቀመጫው የተፈለፈለ ጠንካራ የእንጨት ወንበር አስቀምጡ። ቁመቱ ከልጁ ተረከዝ እስከ ጉልበቱ ጀርባ ያለው ያህል ነው።
- በሁለቱም ጎን ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ የተላገ አጠና አግድማችሁ ምቱ። ልጣጩ ያልተላገ አጠና እጅ ይወጋል።
- በሩ ወደ ውጭ ይከፈት። ልጁ ውስጥ ቢወድቅ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ራሱ ልጁ ይዘጋዋል።

ማየት ለተሳነው ልጅ ከክፍሉ በር እስከ ሽንት ቤቱ ገመድ ዘርጉ፣ ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ በየ3 ሜትሩ አጠና ተተክሎ። መታጠፊያው ላይ 1 ቋጠሮ፣ በሩ ጋ ሲደርስ 2 ቋጠሮ አድርጉ። በመጀመሪያው ሳምንት እጁን በእጃችሁ ይዛችሁ ሳይሆን ክንዳችሁን እሱ እንዲይዝ አድርጋችሁ ከፊቱ ሂዱ። ማስጠንቀቂያ፦ ገመዱ የሌሎቹን የመሮጫ ሜዳ እንዳያቋርጥ በአጥር ጥግ ይሂድ፤ የሚሮጥን ልጅ ጠልፎ ይጥላል።

ደረጃ 5. አቀማመጥ፣ ብርሃንና ድምፅ

ልጆቹን በግማሽ ክብ አስቀምጡ፤ ብዙ ከሆኑ በሦስት ረድፍ። ከኋላ ግድግዳ ጥግ የሚቀመጥ ልጅ አይኑር።

በከፊል የሚሰማ ልጅ ከመምህሯ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር፣ የተሻለ የሚሰማው ጆሮው ወደ እናንተ ዞሮ ይቀመጥ። እናንተ ብርሃን ፊታችሁ ላይ እንዲያርፍ ወደ መስኮቱ ዞራችሁ ቁሙ። መስኮት በጀርባችሁ ከሆነ ፊታችሁ ጥላ ይሆንና ከንፈራችሁ አይታይም። በደብረ ብርሃንና በመሐል ሜዳ ብርድ ሁላችንም አፋችንን በነጠላ ወይም በሻርፕ እንሸፍናለን። ከንፈር እያየ ለሚረዳ ልጅ ይህ መጽሐፉን እንደመዝጋት ነው፤ ጆሮና አንገታችሁን ሸፍኑ፣ አፋችሁን ግለጡ። ወደ ሰሌዳ ዞራችሁ እየጻፋችሁ አታውሩ። መጮህም አይረዳም፤ ጩኸት የከንፈርን ቅርጽ ያበላሻል።

ቆርቆሮ ጣሪያና ባዶ የሲሚንቶ ወለል ድምፅን ያስተጋባሉ። ያረጀ ባና ከኋላ ግድግዳው ላይ ስቀሉ፣ አንዱን ወለሉ ላይ አንጥፉ። የመንዝ ባና ወፍራም ሱፍ ስለሆነ ድምፅ ይውጣል፤ መሬት የሚቀመጡትንም ከብርድ ያድናል። በ15 ቀን አንዴ ደጅ አውጥታችሁ አራግፉት፣ ፀሐይም አስመቱት፤ ቁንጫ ይወዳል። በሸዋ ሮቢት ቆላ ባናው ለወለል አይመችም፣ ሰሌን አድርጉና ባናውን ለግድግዳ ብቻ ተዉት። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ አዲስ ትምህርት አትጀምሩ። ያን ሰዓት ለሥዕልና ለጭቃ ሥራ አውሉት፤ ጤነኛ ጆሮ ያላቸውም አይሰሟችሁም።

እይታው ለደከመ ልጅ በሰሌዳ ላይ ፊደሉን ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት አድርጋችሁ በወፍራም ጠመኔ ጻፉ። አልቢኒዝም ያለባት (ቆዳዋና ፀጉሯ ከልደት የነጣ) ልጅ ፊት ለፊት፣ ግን ከመስኮት ነጸብራቅ ራቅ ብላ ትቀመጥ። ደጅ ስትወጣ ሰፊ ባርኔጣና እጅጌው ረጅም ልብስ ያስፈልጋታል፤ በደጋ ብርዱ ያታልላል እንጂ ፀሐዩ ቆዳ ያቃጥላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ነጣ ያለ ሰሌዳን ለማጥቆር የባትሪ ድንጋይ ሰብሮ ዱቄቱን መቀባት የተለመደ ነው። አታድርጉት። ዱቄቱ ለጤና ጎጂ ነው፤ የኦ ክፍል ልጆች ደግሞ ሰሌዳውን ነክተው እጃቸውን አፋቸው ውስጥ ይከታሉ። የሰሌዳ ቀለም ግዙ፣ ካልሆነ በከሰል ዱቄት ላይ የማይለቅ ጥቁር ቀለም ደርቡበት።

ግራኝ ልጅ በረድፉ የግራ ጫፍ ይቀመጥ፤ ክንዱ ከጎረቤቱ ክንድ ጋር አይጋጭም። ወረቀቱ ከላይ ወደ ቀኝ ትንሽ ይዘንብል፤ አለዚያ የጻፈውን በእጁ ይሸፍነዋል፣ ያጠፋዋልም። እጁን መምታትም ሆነ ማሰር ጽሕፈቱን ያዘገያል እንጂ ቀኝ አያደርገውም።

ደረጃ 6. ደጋፊ ወንበር

ወገቡ የማይጸና ልጅ ሁለት እጁን ወንበሩን ለመያዝ ያውለዋል። ወንበሩ ከያዘው ግን እጁ ለእርሳስ ነጻ ይወጣል። ልጁን አስቀምጣችሁ ሦስት ነገር ለኩ፦

1. ከቂጡ ጀርባ እስከ ጉልበቱ ጀርባ። ከዚህ 3 ሳንቲ ሜትር ቀንሱ፤ የመቀመጫው ጥልቀት ይህ ነው። ካልቀነሳችሁ ጠርዙ የጉልበቱን ጀርባ ይቆርጠዋል፣ ልጁም ወደ ፊት እየተንሸራተተ ይጋደማል።
2. ከጉልበቱ ጀርባ እስከ ተረከዙ፣ ጫማውን እንዳደረገ። ይህ የመቀመጫው ቁመት ነው። እግሩ ከተንጠለጠለ ጣውላ ደግፉለት፤ እግሩ ያላረፈ ልጅ እጁም አያርፍም።
3. የዳሌው ስፋት ሲደመር 4 ሳንቲ ሜትር። ከዚህ ከሰፋ ወደ ጎን ይዘማል።

አናጢው የክንድ መደገፊያ ይጨምርበት፣ ጠርዞቹም በፎም ይሸፈኑ። ዳሌ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ሦስቱም በ90 ዲግሪ ማዕዘን ታጥፈው መቀመጣቸውን እዩ። ልጁን በጨርቅ ካሰራችሁ በዳሌው ላይ ይሁን፤ ደረቱ ላይ የታሰረ ወደ ታች ሲንሸራተት አንገቱ ይታነቃል። በየ30 ደቂቃው አንሱት፣ ባናው ላይ ይጋደም ወይም ይቁም። በየመንፈቀ ዓመቱ ዳግም ለኩ፤ ልጅ ያድጋል፣ ወንበር አያድግም።

እርሳስ መያዝ ለሚቸግረው እርሳሱን በአሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቁራጭ ጠቅልላችሁ አወፍሩት።

ደረጃ 7. ቋንቋ

በአጣዬና በሸዋ ሮቢት በኩል ኦሮምኛ ብቻ ይዘው የሚመጡ ልጆች አሉ። መስማት የተሳነው ልጅ ደግሞ ምንም ቋንቋ ይዞ ላይመጣ ይችላል። ሁለቱም ጋ ሥራው የሚጀምረው ከእናንተ ነው፦ ከልጁ ቤተሰብ ጋር ተቀምጣችሁ 20 የኦሮምኛ ቃል በፊደል ጻፉ። ቅድሚያ የሚሰጣቸው አስቸኳዮቹ ናቸው፦ ቢሻን (ውሃ)፣ ፊንጫን (ሽንት)፣ ና ዹኩባ (ያመኛል)፣ ኮቱ (ና፣ ነይ)፣ ታኢ (ተቀመጥ፣ ተቀመጪ)። አባባሉን ከአያቲቱ አፍ ስሙና ደጋግማችሁ አስተካክሉት። ሽንቱ መጥቶበት ቃል ያጣ ልጅ እላዩ ላይ ይሸናል፣ በማግስቱም አይመጣም።

አማርኛ ስታስተምሩት ዕቃውን በእጁ አስይዛችሁ ስሙን ንገሩት፤ በቀን 5 ቃል ይበቃል። ለሳምንታት ዝም ቢል አትደንግጡ፣ እየሰበሰበ ነው። «በል ድገም» እያላችሁ በልጆች ፊት አታስጨንቁት። ቤት ውስጥ አማርኛ ብቻ እንዲያወሩም ወላጆቹን አትምከሩ። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተረት የሚሰማ ልጅ ሁለተኛውን በቀላሉ ይይዛል፤ ወላጁ አጥርቶ በማይችለው አማርኛ የሚያወራው ልጅ ግን ሁለቱንም ሊያጣ ይችላል።

ለማይሰማው ልጅ ከኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ 10 ምልክት ተማሩ፦ ውሃ፣ ሽንት፣ ና፣ ቁጭ በል፣ ቁም፣ አዎ፣ አይደለም፣ ያማል፣ እናት፣ ጨርሻለሁ። ምልክቱን ከራሳችሁ አትፍጠሩ። በአቅራቢያችሁ መስማት የተሳነው አዋቂ ካለ እሱን፣ ካልሆነ በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የልዩ ፍላጎት ባለሙያውን ጠይቁ። አሥሩን ምልክት ክፍሉ በሙሉ ይማር፤ ለአንድ ልጅ ብቻ የተማራችሁት ቋንቋ የጨዋታ ጓደኛ አያመጣለትም።

ደረጃ 8. የቀኑ ሰልፍና ደወሉ

በ5 ቁራጭ ካርቶን ላይ የቀኑን ሥራ ሣሉ፦ መዝሙር፣ ፊደል፣ ምግብ፣ ጨዋታ፣ ወደ ቤት። በገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ስቀሉ፤ ያለቀውን ልጅ ራሱ ያውርደው። ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ለሁሉም ይጠቅማል። ለውጥ ለሚያስጨንቀው የኦቲዝም ልጅ ግን የቀኑ ምሰሶ ነው።

ብዙ ትምህርት ቤት ደወሉ በብረት የሚመታ ቸርኬ ነው። ድንገተኛ የብረት ጩኸት ጦርነት ሸሽቶ የመጣ ልጅን ከወንበር ሥር ያስገባዋል፣ ድምፅ የሚጎዳውን ልጅ ጆሮውን አስይዞ ያስለቅሰዋል፣ የማይሰማው ደግሞ ከነጭራሹ አያውቀውም። ደወሉ ከመመታቱ 1 ደቂቃ በፊት ቀዩን ጨርቅ ከፍ አድርጉ። ልጆቹ በሳምንት ይለምዱታል፣ ሦስቱም ልጆች በአንድ ጨርቅ ይረዳሉ። ድንገት የደነገጠን ልጅ አትያዙት፣ አጠገቡ ዝቅ ብላችሁ በለሰለሰ ድምፅ በስሙ ጥሩት።

«ቤቴን ሣሉ»፣ «አባቴ ምን ይሠራል» የሚባሉ ሥራዎችን ቤት ለተቃጠለበት ወይም አባት ለሞተበት ልጅ አታስገድዱ። «የምትወዱትን ቦታ ሣሉ» ብትሉ ትምህርቱ ያው ነው።

ደረጃ 9. ምግብ

ለክፍል በዓል ሥጋና የሥጋ ወጥ አታምጡ፤ የክርስቲያንና የሙስሊም ልጆች አንዳቸው የሌላውን ሥጋ ስለማይበሉ በአንድ ገበታ አይቀመጡምና። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ወተትና ቅቤ ያለበት ነገር የሚበሉትን ከማይበሉት ይለያል። ዳቦ፣ ሙዝና የተቀቀለ ድንች ለሁሉም ይሆናሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቆሎ ለዚህ ዕድሜ አይሰጥም፤ ደረቅ ፍሬ ትን ያደርጋል። በሶም ደረቁን ሳይሆን በውሃ ለስለስ ብሎ ይሁን። ለመቁጠሪያ ባቄላና አተር የምትጠቀሙም ቆጥራችሁ ስጡ፣ ቆጥራችሁ ተቀበሉ፤ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይከቱታል፣ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል። የገባ ባቄላ በክብሪት እንጨት አይወጣም፣ ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱ። በቆርኪ ብትተኩት ይሻላል።

መዋጥ የሚቸግረውን ልጅ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ አገጩ ትንሽ ወደ ደረቱ ቀርቦ አብሉት። አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ማጉረስ ምግቡን ወደ ሳንባ ይልከዋል። ከበላ በኋላ 30 ደቂቃ አይጋደም።

ደረጃ 10. የሚጥል በሽታ

ልጁ ሲወድቅ ሰዓት ያዙ። በአካባቢው ያለውን ድንጋይና ወንበር አርቁ፣ ጭንቅላቱ ሥር ነጠላ አድርጉ፣ የአንገት ልብሱን ፍቱ፣ መንቀጥቀጡ ሲረግብ በጎኑ አስተኙት። አትያዙት፣ በአፉ ምንም አትክተቱ፣ ውሃ አታጠጡ። የክብሪት ጭስ ማሽተት አይጠቅምም፣ ያፍነዋል፣ ያቃጥለዋልም። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ከደገመው፣ ከተጎዳ ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። በሽታው በአረፋም በትንፋሽም አይተላለፍም፤ ይህን ለልጆቹ በዚያው ቀን ንገሯቸው፤ አለዚያ በማግስቱ ከጎኑ የሚቀመጥ ልጅ አይኖርም።

ብዙ ጊዜ የሚበላሹ ነገሮች

ቋሚ ረዳት መመደብ። አንዲት ጎበዝ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ዊልቸር ገፊ ትደረጋለች። እሷ ጨዋታዋን ታጣለች፣ ልጁም አለቃ ያገኛል እንጂ ጓደኛ አያገኝም። በየሳምንቱ ቀይሩ፤ ሲረዱትም መጀመሪያ «ልግፋህ?» ብለው ይጠይቁት። እሱም በተራው ጠመኔ አዳይ፣ ቀይ ጨርቅ አንሺ ይሁን።

በጉዳቱ መጥራት። «ደንቆሮው»፣ «ሽባዋ» የሚለውን ቃል ልጆቹ ከትልልቅ ሰዎች አፍ ይዘው ይመጣሉ። የሰደበውን ከመምታት ይልቅ ወዲያው በስም አስተካክሉ፦ «ስሟ አስቴር ነው፣ በስሟ ጥራት።» ሞግዚቷና የጥበቃ ሠራተኛውም ይህን ይስሙ።

ማዘን ሲበዛ ሥራ መቀነስ። ማየት ለተሳነው ልጅ «አንተ ዝም ብለህ ስማ» ይባላል። ፊደሉን በጭቃ ቅረጹለት ወይም በካርቶን ላይ ገመድ ለጥፋችሁ በጣቱ ይከተለው፤ ቁመቱ ከ8 ሳንቲ ሜትር አይነስ። ሀን ከሐ በጣት መለየት እንደሚቻል የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው።

ሁሉንም በአንድ ሳምንት መሥራት። መወጣጫው ሲገነባ ዓይን ሳይፈተሽ ኅዳር ይደርሳል። ገንዘብ የማይፈልጉትን አስቀድሙ፦ የምዝገባውን ጥያቄ፣ የመንሹን ሥዕል፣ አቀማመጡን፣ 20ውን ቃል። አናጢና ግንበኛ የሚፈልጉትን ወላጆች ከአጨዳ ፋታ በሚያገኙበት ጊዜ አድርጉ፤ በጥቅምትና በኅዳር እህሉን ትቶ ለመወጣጫ የሚመጣ ሰው አታገኙም።

ወደ ጤና ጣቢያ ልኮ መርሳት። የላካችሁትን ልጅ ስምና ቀን ደብተሩ ላይ ጻፉ፣ በ15ኛው ቀን ወላጁን ጠይቁ። መነጽር የታዘዘለት ልጅ መነጽሩን ቤት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ልታገኙት ትችላላችሁ፤ «እንዳይሰብረው» ብለው ነው። በቀጭን ላስቲክ ከጀርባው አያይዛችሁ ክፍል ውስጥ እንዲውል ከእናቲቱ ጋር ተስማሙ፣ ማታ ሲሄድም በካልሲ ተጠቅልሎ በቦርሳው ይግባ።